ባለ ሦስት ፋን ንዴት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። "መጀመሪያ ንዴትህ ይብረድ፣ ከዚያ ትጽፋለህ" ያሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ይብረድ ተብሎ የበረደ አንዳች ነገር ስለሌለ ምክራቸውን አልተቀበልኩም። ሌላው ሰው ለምን ተናደድክ ሲባል ሞተር ገጨኝ ይላል፣ መሬት ወሰዱብኝ ይላል፣ ወግ ያለው መልስ ይሰጣል። እኔ "በፋን ምክንያት" ስል "የየትኛው ቡድን?" ይሉኛል። የቡድን አይደለም! የሚሽከረከረው፤ አየር የሚነፋው።

አሰላ ነው የምኖረው። ሥራዬ የሰዎችን ቤት ከመሠራቱ በፊት መሥራት ነው። መሐንዲሱ ፕላኑን ያወጣል፤ እኔ ያንን ፕላን ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ግድግዳውን አቆማለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ በረንዳው ላይ አበባ አስቀምጣለሁ፤ ባለቤቱም በራሱ ሳሎን ውስጥ እየተራመደ እስኪመስለው ድረስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርጌ አሳየዋለሁ። እስካሁን ከሠራኋቸው ቤቶች አንዱም አልተሰነጠቀም፣ የአንዱም ጣሪያ አላፈሰሰም። በዚህ በኩል የሚወዳደረኝ ግንበኛ የለም።

እውነቱን ለመናገር የሚሠራው ግን እኔ አይደለሁም። የሚሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ጡብ የሚያክል ነገር ነው። ሥዕሉን የሚስለው እሱ ነው፤ ሲስል ደግሞ ይሞቃል። ሞቀ ስላችሁ ለብ አለ ማለቴ አይደለም፤ ጀበና ቢጥዱበት የሚያፈላ ዓይነት ሙቀት ነው። ስለዚህ ስስ የብረት ቅጠሎች ይደረደሩበታል፣ በቅጠሎቹ ላይ ፋን ይገጠማል፤ ፋኑ አየር ያሳልፋል፣ አየሩ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ምን የሚያናድድ ነገር አለ? ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

የድሮው ካርዴ ባለ አንድ ፋን ነበር። ፋኑ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጥርስ በጥርስ የሆነ ከበሮ ብጤ ነው። ካርዱ ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ፣ የሳበውን አየር በብረቶቹ መካከል አስጨንቆ ይገፋና ትኩሱን በኮምፒውተሩ ጀርባ በኩል ባለች ወንፊት ወደ ውጭ ይተፋዋል። ውስጥ ምንም ሙቀት አይቀርም። ጥፋቱ ጩኸቱ ብቻ ነው። ሥራ ሲበዛበት ወፍጮ ቤት ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ጎረቤታችን "ገብስ መፍጨት ጀመራችሁ እንዴ?" ብላ ጠይቃናለች። ስለዚህ ሁልጊዜ የምሠራው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ ነው።

እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለ አማቴ እማማ በለጥሻቸው ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከበቆጂ መጡ።

በቆጂን የማታውቁ ካላችሁ፣ አሰላን ቆላ የሚያስመስል ከተማ ነው። ከዚያ የመጣ ሰው እኛ ዘንድ ኮቱን አውልቆ ይቀመጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እማማ በለጥሻቸው ግን ገና ከበሩ ሲገቡ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

"የበቆጂ ብርድ ግልጽ ነው" አሉኝ። "ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። የናንተ ግን ተሹለክልኮ ነው የሚገባው።"

ሳሎናችንን በዓይናቸው ከቃኙ በኋላ የመረጡት ቦታ ከሥራ ጠረጴዛዬ ኋላ ያለችው ጥግ ናት። ገመዶቹን ለመነካካት እንዲመቸኝ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አራርቄ ነው ያስቀመጥኩት፤ ኮምፒውተሩ ከሥሩ መሬት ላይ ነው። እሳቸው በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ዱካ አስገብተው ተቀመጡ። "እዚህ ከበሩ ንፋስ እከለላለሁ፤ አንተም ሥራህን ሥራ፣ አልረብሽህም" አሉ። ደስ አለኝ። እኔ ፊት ለፊት፣ እሳቸው ከኋላ፤ ከስክሪኑ በላይ የሚታየኝ የታሰረ ሻሻቸው ብቻ ነበር። ቀና ባልኩ ቁጥር ሻሻቸው ይነቀነቃል፤ የሚጸልዩልኝ ይመስለኛል። ኋላ እንደሰማሁት እውነትም ይጸልዩልኝ ነበር። ይህም ራሱ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የሚጸልይልህ ሰው ላይ አይጮህበትም።

በዚያው ሰሞን ትልቅ ሥራ መጣልኝ። አቶ ከድር የሚባሉ የአቦምሳ እህል ነጋዴ አባታቸው ትተውላቸው በሄዱት መሬት ላይ ፎቅ ሊሠሩ ፈልገዋል። መሬቱ ግን የወንድማማቾች ነው፤ ታላቃቸው ሐጂ አማን ደግሞ ይሸጥ ባይ ናቸው።

"ሐጂ በቃል አያምኑም" አሉኝ አቶ ከድር በስልክ። "በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ቅዳሜ ይዣቸው አሰላ እመጣለሁ። ከወደዱት እንሠራለን፤ ካልወደዱት የአባታችን መሬት ለባዕድ ይሄዳል። ሌሎቹ ወንድሞቼ የሐጂን ቃል ነው የሚጠብቁት። አደራ!"

"አያስቡ" አልኩ። ያን ቃል ከአፌ ላይ ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

ሥራ ጀመርኩ። ምድር ቤቱን ጨርሼ የአንደኛ ፎቁን ኮሪደር ሳስነሳ ስክሪኑ ድርግም አለ። መልሼ አበራሁት። እንደገና ድርግም። የሙቀት ምልክቱ ቀይ ሆኗል። ካርዱ በጣም ሲሞቅ ራሱን እንዳያቃጥል ይጠፋል፤ ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ሰው በሁለት ሹራብ በሚሠራበት ከተማ እሱን ምን እንደሚያሞቀው ነው።

አየር ይግባ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ። ሻሹ ከስክሪኑ በላይ ብድግ አለ።

"ልጄ፣ ንፋስ ይመታሃል!"

"እማማ፣ ማሽኑ ሞቆበት ነው።"

"ማሽኑ ሞቆት አንተ ትመታ? ዝጋው፣ ዝጋው!"

ዘጋሁት። እዚህ ላይ የግድ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚህ አገር ሰው ከጅብ ይልቅ መስኮት ነው የሚፈራው። ከአሰላ ናዝሬት አውቶቡስ ተሳፈሩ። ቆላው ላይ ስትደርሱ ላባችሁ ይንቆረቆራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከእግራችሁ ሥር ያለው ዶሮ ምላሱን ያወጣል። እስቲ መስኮት በጣት ስንጥቅ አድርጉ! ካፖርት የለበሰው፣ ፎጣ የጠመጠመው፣ እንቅልፍ የወሰደው ሁሉ ባንድ ድምፅ "ዝጋው!" ይላል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኮ በፖለቲካ ሲጨቃጨቁ ነበር! የሚያስማማቸው የኔ መስኮት ብቻ ነው።

ሄኖክን ጠራሁት። ሄኖክ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ገና ሳይቀመጥ በሽታውን ይነግርሃል። ካርዱን ነቅሎ ሱቁ ወሰደው፣ አቧራውን ጠረገው፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱን ቀየረው፣ መለሰው። ቤት ገባ፣ ሥራ ጀመረ፣ ድርግም።

"ፋኑ ነው" አለኝ። "ባለ አንድ ፋን አሁን ማን ይጠቀማል? ከበሮ እኮ ነው ይሄ። ባለ ሦስት ፋን ግዛ። ክንፉ ሰፊ ነው፣ ቀስ ብሎ ዞሮ ብዙ አየር ይነፋል፣ ድምፅ የለውም፣ መብራትም አለው።"

"መብራቱ ምን ያደርግልኛል?"

"ያምራል።"

እኔም አንድ ነገር አልሸሽግም፤ ያምራል ሲል ልቤ ደንገጥ ብሎ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ባለ ሦስት ፋኑን ገዛሁ፤ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሣጥኑን አይተው "ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ማቀዝቀዣ ያለው ነው" ብያቸው፣ መስኮት ሊከፍት ነው ብለው መሰለኝ ፎጣቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ሄኖክ የገጠመልኝ እሑድ ነው። እማማ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ድንቅ ሠራ! ድምፅ የለ፣ ሙቀት የለ፣ ሦስቱ ፋኖች በሰማያዊ መብራት ሲሽከረከሩ ማየት ራሱ ያስደስታል። ሄኖክን አቅፌ ሳምኩት። ዛሬም ጉንጬን ስዳብስ እናደዳለሁ።

ሰኞ ድርግም አለ። ማክሰኞ ድርግም አለ። ይባስ ብሎ አሁን ካርዱ ብቻ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ በሞላ ጎኑ ሲነካ ያቃጥላል።

"እሑድ ደህና ነበር እኮ!" ብዬ ሄኖክ ላይ ጮህኩ።

መሰኪያውን ነካ አደረገ። "እሑድ የብቅል ፋብሪካው ስለሚያርፍ ነው። መብራቱ ንጹሕ ይሆናል።"

መብራት ንጹሕና ቆሻሻ እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሱም አልበቃው ብሎ ስለ አየሩ ቀጠለ። አሰላ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ብዙ ሙቀት አይሸከምም፤ ስለዚህ ፋኑ ያለ አቅሙ ነው የሚለፋው።

"በቆጂ ሄደህ ብትሮጥ አያለከልክህም?" አለኝ።

"እኔ መቼ ሮጥኩ?"

"እሱም እንዳንተ ነው። አልለመደውም።"

እስቲ ፍረዱኝ! ኮምፒውተሬን ልምምድ ላስጀምረው?

ደግሞ አንድ ነገር ከቀልቡ ተናግሯል፤ እኔ ግን በንዴት አልሰማሁትም። ባለ ሦስት ፋኑ እንደ ከበሮው ሙቀቱን ወደ ውጭ አይተፋም፤ ብረቱ ላይ ይነፋና ትኩሱን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይበትነዋል። ከዚያ የሚያወጣው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ሌላ ትንሽ ፋንና ከላይ ያለው ወንፊት ነው። "ከላይና ከኋላ የዘጋበት ነገር እንዳይኖር" አለኝ ሄኖክ። እኔም "ምን ይዘጋዋል!" ብዬ አምባረቅሁበት። ከኋላው ግድግዳው ሩቅ ነው፣ ከላይ ጠረጴዛው ሩቅ ነው። ማን ይዘጋዋል?

በዚያ ሳምንት እማማ በለጥሻቸውም ተክዘዋል። ማዳመጫዬን አውልቄ ሻይ ስጠጣ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ የድሮው ማሽን የት ገባ?"

"አረጀ እማማ። በተሻለ ቀየርኩት።"

"ይሄኛው ግን ደህና ነው? ትንፋሽ ያነሰው መሰለኝ።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ ሰብለ እንኳ ቢሮ ውላ ስትመጣ ስለ ማሽኔ ጠይቃኝ አታውቅም! "ልክ ነዎት እማማ፣ ትንፋሽ ነው ያጠረው" አልኳቸው፤ ስለ ብረቱም ስለ አየሩም አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። "እግዜር ያበርታው" አሉ።

አቶ ከድር በየቀኑ ይደውላሉ። "ደረሰ?" "እየደረሰ ነው።" "ጣሪያው ወጣ?" "ሊወጣ ነው።" ሕንፃውን እየጠፋ እያበራሁ እስከ ጣሪያው አቁሜዋለሁ፤ ፊልሙ ግን ጣሪያው ጋ አልደረሰም። ደረጃው ጋ በደረስኩ ቁጥር ይጠፋል።

ቅዳሜ መጡ። አቶ ከድርና ሐጂ አማን። ሐጂ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ለአቦምሳ ቆላ አየር የሚሆን ስስ ሸሚዝ ከላዩ ስስ ኮት ለብሰዋል። "አከም ጅርቱ" ብለው ከሁላችንም ጋር ተጨባበጡ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ላለው ሻሽ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ሶፋችን ላይ ተቀመጡ። ሰብለ ጓዳ ናት። ፊልሙን አውጥቶ መጨረስ ስላቃተኝ፣ ያው በቀጥታ ማሽኑ ላይ ሕንፃው ውስጥ ላዞራቸው ወሰንኩ።

በዋናው በር አስገባኋቸው። ሱቆቹን አየን። አቶ ከድር ላብ በላብ ሆነዋል፤ የሐጂን ፊት እንጂ ስክሪኑን አያዩም። ወደ ደረጃው ሄድን። አንድ እርከን፣ ሌላ እርከን... ድርግም።

"መብራት ሄደ?" አሉ ሐጂ።

"የለም ሐጂ፣ አምፖሉ በርቷል።"

"ታዲያ ደረጃው ላይ አምፖል አታስገቡም ማለት ነው?"

አቶ ከድር አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ነው የሆነ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የፈነዳው። ገመድ ላራግፍ፣ መሰኪያ ልነቅል፣ ከቻልኩም ማሽኑን በእርግጫ ልለው ተነስቼ ጠረጴዛውን ዞርኩ።

እማማ በለጥሻቸው ዱካቸው ላይ ናቸው። ሁለት እግራቸውን ካልሲ እንዳደረጉ ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ፣ ልክ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ወንፊት ላይ ለጥፈዋል። ከጉልበታቸው ጀምሮ ጋቢያቸውን እንደ ድንኳን ዘርግተው ጫፉን ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ሥር ሸጉጠውታል፤ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አታመልጥም። ከላይ ባለው ወንፊት ላይ ደግሞ በፎጣ የተሸፈነ ትልቅ ሰሐን ተቀምጧል። ፎጣውን ገለጥኩት። ሊጥ ነው። ኩፍ ብሎ፣ አምሮበት፣ ከሰሐኑ አፍ ሊወጣ ደርሷል።

"እማማ!"

አንዲት ቃል ናት። ግን የሳምንታት ንዴት ነበረባት፤ ሰብለ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

"ምን ሆንክ ልጄ?" አሉ እማማ ደንግጠው። "ለእንግዶቹ ዳቦ ነው። በዚህ ብርድ ሊጥ እንቢ ይላል፤ እዚህ ላይ ግን ወዲያው ነው..."

"እግርዎስ?"

"እግሬንማ አንተ አይደለህ እንዴ ያዳንከው? ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ሳሞቀው ጉልበቴን ለቀቀኝ። ለሰበካው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ አማቼ ማሞቂያ አደረገልኝ ብዬ። ያኛውን ስትወስድብኝ ጊዜ ምን አስቀየምኩት ብዬ አዘንኩ። ያኛው ይተነፍስ ነበር፤ ይሄኛው ደከም ይላል፣ ለዚህ ነው በጋቢ የማግዘው።"

በጋቢ የማግዘው!

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህን ንዴት የት ልውሰደው? አማት ናቸው፣ ታመው ነው የመጡት፣ መርቀውኛል፣ ሊጡም ለኔው እንግዶች ነው። እሑድ የተሻለው መብራቱ ነጽቶ ሳይሆን እማማ ቤተ ክርስቲያን ስለዋሉ ነበር! አዲስ አበባ ሄጄ የገዛሁበት ገንዘብ... ይቅር፣ ይህን ባነሳው እንደገና ያመኛል።

ኮምፒውተሩን ከነገመዱ አንስቼ በረንዳው ላይ አወጣሁት። ስክሪኑንም አወጣሁ። የጎን ክዳኑን ፈትቼ ወረወርኩት። ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚወርደው ንፋስ ቀጥ ብሎ ይገባል። "ሐጂ፣ እዚህ ይምጡልኝ" አልኩ፤ ድምፄ የሰው አይመስልም።

ሦስቱ ፋኖች ሰማያዊ መብራታቸውን አብርተው ዞሩ። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ ጥሩ ነበሩ! ክፍት ቦታና የሚሄድ አየር ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ደረጃውን ወጣን። ኮሪደሩን አለፍን። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጣሪያ። የሙቀት ምልክቱ አረንጓዴ ላይ ቀረ። ሐጂ አማን ግን ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ሆነዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ይሁንና ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

እማማ በለጥሻቸው እያነከሱ ወጡና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው።

"ኧረ ይሄ ጋቢ ይሞቃል!" አሉ ሐጂ ተገርመው።

ማንም አልሳቀም። ሰብለ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐጂ ጣታቸውን ከብብታቸው አውጥተው ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ። "እነዚህ መስኮቶች ይከፈታሉ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ሁሉም ይከፈታሉ። ንፋሱ ከዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል፤ አቦምሳ ስለሆነ ነው።"

"አባታችን በሙቀት ነው የኖሩት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "ጋሪዳ። ጥሩ ነው። መሬቱ አይሸጥም፤ ሥራው። አሁን ግን ሳልሞት ወደ ቤት አስገቡኝ።"

አቶ ከድር እኔን ማመስገን ሲገባቸው ሄደው የእማማን እጅ ሳሙ። ዳቦው ተጋገረ፤ በጣም ጥሩ ዳቦ ነበር። እኔ አልበላሁም። እሺ፣ በላሁ፤ ግን ተናድጄ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እማማን ጥጋቸው ላይ አጣኋቸው። መኝታ ቤት ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እየከተቱ ነው። ሰብለ በሩ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች፤ ያን አስተያየት ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

"በቆጂ ልመለስ" አሉ እማማ ቀና ሳይሉ። "እንጀራህ መሆኑን አላወቅሁም ልጄ። ስንት ቀን ሥራህን አበላሸሁብህ።"

በዚያች ደቂቃ መናደድ አቃተኝ፤ ይህም አናደደኝ። ሻንጣውን ከእጃቸው ወሰድኩ። "እማማ፣ የትም አይሄዱም። ጉልበትዎ ጨርሶ ሳይድን ብሸኝዎ ሰው ምን ይለኛል? የእርስዎን ማሞቂያ ሰኞ እገዛለሁ፤ እውነተኛውን።"

ገዛሁ። ቀይ ሆኖ የሚግል፣ ጥሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። የቤታችን የኤሌክትሪክ መስመር ግን ማሞቂያውንና ኮምፒውተሩን አንድ ላይ አይችልም። ሁለቱ አብረው ከበሩ፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ጧ ብሎ ይወርዳል፤ እንደገና ስሰቅለው እንደገና ይወርዳል። ሄኖክን ጠየቅሁት፤ "አቅም ነው" አለኝ፤ ፊቱን ሳየው ስለ ስስ አየር ሊጀምር ስለመሰለኝ በሩን ዘግቼበት ወጣሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት እማማ በለጥሻቸው ግቢ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲመጣ እሳቸው ይገባሉ፣ እኔ ኮምፒውተሬን አጠፋለሁ፣ ማሞቂያው ይሰካል። ሥራ የለኝ፣ የምሄድበት የለኝ፤ ዱካ ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እሳቸው ይመርቁኛል፣ እኔ እናደዳለሁ። እግሬን ግን፣ መቼም ውሸት አልወድም፣ በጣም ሞቆኛል።